መርዶ ያልነበረው ማለዳ

የልጅቷ ጋወን ከነርሶች ክፍል በር ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐሙስ ዕለት ምሳ ሳይደርስ አውልቃ ሰቀለችው፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ለማንም ሳትናገር በጓሮ በር ወጣች። አርብ አልመጣችም። ቅዳሜም አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ሌላ ሳምንት ገባ፤ ጋወኑ እዚያው ነው፣ እሷ የለችም። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም፤ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው ይመስል ዝም ብለን በአጠገቡ እናልፋለን።

እኔ የሆስፒታሉ ሜትሮን ነኝ፣ የነርሶቹ ሁሉ ኃላፊ ማለት ነው። ነርስነቱን ትምህርት ቤት ገብቼ ተምሬዋለሁ። ኃላፊነቱን ግን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን ጠርተው «ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ» አሉኝ፣ ቁልፍ ሰጡኝ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ራሴን በራሴ ላስተምር ተነሳሁ። መገናኛ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሃል ስለ አመራር የሚያወራ ካገኘሁ እገዛለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ። መጻሕፍቱ ሁሉ የሚጀምሩት «ራዕይ ይኑርህ» ብለው ነው። ኦክስጅን ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ነርስ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ ብቻዋን ይዛ ስታለቅስ ምን እንደሚደረግ የሚል ገጽ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው አሰባስቦ መያዝን የተማርኩት ከሰፈራችን የሴቶች እድር ነው። እዚያ ሰው የቀረ እንደሆነ «ለምን ቀረች?» ተብሎ ቤቷ ይኬዳል። ይኸው ነው የእኔ ዩኒቨርሲቲ።

በእኛ ሆስፒታል ነርስ መሸኘት የተለመደ ሆኗል። አንዷ ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ የግል ክሊኒክ ትገባለች፣ አንዷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ አንዱ ደግሞ ሥራውን ትቶ ቦሌ የስልክ ሱቅ ይከፍታል። ኬክ እንቆርሳለን፣ እናጨበጭባለን፣ በማግስቱ ፈረቃ የሚሸፍን ሰው ፍለጋ እሮጣለሁ። መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ማንንም አልቀየምኩም። የዚህች ልጅ ግን ሌላ ነው። እሷ ወደ ተሻለ ቦታ አልሄደችም። ተሰብራ ነው የሄደችው። እንደዚያ የሄደ ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ሆስፒታል አይገባም፤ ሙያውን ነው የሚተወው።

ምን ዓይነት ነርስ እንደሆነች ልንገራችሁ። የደቡብ ልጅ ናት፣ ጴንጤ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። አልጋ ስታነጥፍ መዝሙር ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ሰሞን ኦርቶዶክስ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ እናቶች «ይቺ ልጅ እዚህም ጸሎት ቤት አደረገችው እንዴ!» እያሉ ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። ሁለት ቀን ያደሩ እንደሆነ ግን እነዚያው እናቶች ናቸው «ያቺ ዘማሪዋ ዛሬ ተረኛ አይደለችም?» ብለው የሚጠይቁኝ። ከጎሮ ጀርባ ከድሮዎቹ የገበሬ መንደሮች የሚመጡት አዛውንቶች አማርኛ ሲቸግራቸው፣ መርፌ ከመውጋቷ በፊት «ትንሽ ብቻ ነው የሚያምዎት» ማለትን በኦሮምኛ ተምራ ነበር። ማንም አላዘዛትም።

እሮብ ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጣች አንዲት ወጣት በሳንባ ምች ተኝታ ነበር። ቤተሰቧ ገጠር ነው፤ አብረዋት ቤት የተከራዩት ጓደኞቿ ከፈረቃቸው ሲወጡ እየተቀያየሩ ያስታምሟታል። ማንም በሌለ ሰዓት የእኛዋ ልጅ ነበረች ወላጇም እህቷም፤ ፀጉሯን እንኳ ጎንጉናላታለች። የተሻላት መስሎን ነበር። እሮብ ጠዋት ድንገት ባሰባት፤ ዶክተሩም ነርሶቹም ተረባርበው አልሆነም፣ አረፈች። ዶክተሩ ወዲያው ለሌላ ድንገተኛ ተጠርቶ ሮጠ። የእኛዋ ልጅ ብቻዋን ቀርታ አስከሬኑን ስታስተካክል፣ ኮመዲኖው ላይ የነበረው የሟች ስልክ ጮኸ። ዝም ስትለው ይቆማል፣ እንደገና ይጮኻል። የደዋዩ ስም «ወንድሜ» ይላል።

አነሳችው።

«እንዴት አደረች እህቴ?» አላት ሰውየው።

ይህች ልጅ መዋሸት አይሆንላትም። «ወንድሜ፣ እህትህ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው።

ሰውየው እናቱም የልጇን ድምፅ እንድትሰማ ብሎ ስልኩን ጮክ አድርጎት ኖሯል። እናት ከጎኑ ተቀምጣለች። የልጇን ሞት ከአንድ የማታውቃት ሰው አፍ፣ ከስልክ ሰማች። ልጅቷም የእናትየዋን ጩኸት በጆሮዋ ይዛ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ቆመች። ስልኩን መዝጋት ነውር መስሎ ታያት።

በማግስቱ ቤተሰቡ አስከሬን ሊወስድ መጣ። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ የነገረኝ አብሯት የሚሠራው ብራዘር ነው። እኛ ጋ ሴቷ ነርስ ሲስተር፣ ወንዱ ብራዘር ነው። የሟች አጎት ኮሪደሩ መሃል ቆመው «በስልክ ያረዳችን ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ውሻ ሲሞት እንኳ እንዲህ አይነገርም! አንቺ እናት የለሽም?»

«አለችኝ» አለች ልጅቷ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅዋ። ጋወኗን አውልቃ ሰቀለች።

በአጎትየው አልፈርድም። እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ፣ ማለዳ ተሂዶ ነው የሚነገረው። በልጅቷም አልፈርድም። ስልኩ ሲጮህ አጠገቧ ማን ነበር?

በሁለተኛው ሳምንት አርብ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ይወዳል እንጂ።

«ሜትሮን፣ ያቺ ልጅ ሰኞ ጠዋት ካልመጣች ስሟ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ብትመጣም የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ስንብት ነው።»

«ታማ ቢሆንስ?»

«የሐኪም ማስረጃ ታምጣ።»

«ሐኪም የሚያየው ዓይነት ሕመም አይደለም።»

«እንግዲያው ሌላ እንቀጥራለን።»

«ከየት?» አልኩት። ራሱን አከከ። እሱም ያውቃል።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ብራዘርንና ትልቋን ሲስተር ያዝኳቸው። ትልቋ ሲስተር ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ ከእኔ በፊት እዚያ ሆስፒታል የገባች፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። ብራዘር ደግሞ መርፌ እየወጋ ሕመምተኛ የሚያስቅ የአራዳ ልጅ ነው። ልጅቷ የተከራየችበትን ግቢ የሚያውቀው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ዝናብ ይዟት ሸኝቷታል።

«ነገ እንሂድ» አልኳቸው። «ሦስታችንም ተረኞች ነን፣ ከሥራ በፊት ይሁን። ካረፈድን ደግሞ ትወጣለች።»

«ኪዳን አድርሼ ጎሮ አገኛችኋለሁ» አለች ትልቋ።

እንግዲህ አስቡት። ሦስት ሰው፣ ቅዳሜ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ። ማታ ዘንቦ ስለነበር ብርድ ነው። ትልቋ ሲስተር ለቤተ ክርስቲያን በለበሰችው ነጠላ ተከናንባለች፤ እኔም ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤዋለሁ። ብራዘር ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ጨዋ ለመምሰል ብሎ ነው። ጭቃውን እየዘለልን ሄደን አንድ የቆርቆሮ በር ጋ ቆምን። መንደሩ የድሮ የገበሬ መንደር ነው፤ በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም ተደርድሯል፣ በሌላው በኩል ላም ታገሳለች።

በሩ ላይ ቆመን መንሾካሾክ ጀመርን።

«ማን ይናገር?» አለ ብራዘር።

«ሜትሮን ናት መናገር ያለባት» አለች ትልቋ።

«አይ፣ አንቺ ትልቅ ነሽ፣ አንቺ ጀምሪው። ቀስ ብለሽ፣ እንዳትደነግጥ» አልኳት።

«ብታለቅስስ?»

«ብታለቅስ እኔ እይዛታለሁ» አለ ብራዘር።

በሩ ተከፈተ። አከራይዋ ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ ሴት። አንድ በአንድ አዩን፤ ነጠላዬን፣ የትልቋን ነጠላ፣ ጥቁሩን ኮት። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ለልጅቷ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ እናቴ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ነን።»

«ግቡ። አልነቃችም። ቀስ በሉ።»

ከበረንዳው ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጡንና በጓሮ በኩል ወጡ። ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ እንቅልፏን ሊጠብቁላት ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ብላን ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ብራዘር አጠገብ ቁጭ አሉ። ይህ እንዴት ያለ ሰፈር ነው፣ ሰው በማለዳ የሚጠያየቅበት ብዬ ቀናሁ። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር እየዘጋን ነው የምንኖረው።

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «ዓለም እንዲህ ናት እንግዲህ» አሉ።

«እንዲህ ናት ጋሼ» አለ ብራዘር፣ ምን እንደሆነች ሳያውቅ።

«ሩቅ አገር መሆኑ ነው የሚከፋው።»

«እሱማ ይከፋል።»

አከራይዋ ተመለሱ። ጀበና የሚያህል ውኃ መያዣ አምጥተው ከልጅቷ በር አጠገብ አስቀመጡ፤ ፎጣም ጣል አደረጉበት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አባት ናቸው ወይስ እናት?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«የሞቱት።»

ያን ጊዜ ነው ራሴን ያየሁት። ማለዳ፣ ነጠላ፣ ጥቁር ኮት፣ «ቀስ ብለሽ፣ እንዳትደነግጥ»። እናቴ ትሙት፣ መርዶ ነጋሪ ነው የምመስለው። «ኧረ የለም፣ ማንም…» ብዬ ልነሳ ስል የልጅቷ ሰርቪስ ክፍል በር ተከፈተ። ልጅቷ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ እንደተበተነ ቆማለች። እኛን አየች። ጎረቤቱን አየች። ውኃውን አየች።

«እማዬን!» አለች። «እማዬን ነው!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ዝግ ካለች ልጅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብራዘር ዘሎ ያዛት፤ ይባስ ብሎ። የሚይዝ ሰው ሲመጣማ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እናትሽ ደህና ናት! ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው!»

«ታማለች አይደል? ታማለች ልትሉኝ ነው አይደል?»

«አልታመመችም!»

«እንደሱ አይደል ሁልጊዜ የምትሉት!»

«ቀስ እያላችሁ ንገሯት እንጂ» አሉ ሽማግሌው በቁጣ፣ «ምን ትደብቃላችሁ፣ አንዴ መጥታችሁ!» «አልሞተችም» ባልን ቁጥር አለቀሰች፤ በማልንም ቁጥር ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀ። እኛ አገር መርዶ የሚጀምረው በማስተባበል ነው፤ ማን ይመነን!

«ስልክ!» አለች ትልቋ ሲስተር። «ስልኳን አምጡና ትደውል!»

ስልኩ ለቀናት ተዘግቶ ኖሯል። ሲከፈት መልእክቱ እየተከታተለ ገባ፤ ከእናቷ የተደወለና ያልተነሳ ጥሪ ብቻ ነው። ይህን ስታይ ጭራሽ ጩኸቷን አቀለጠችው። ብራዘር ደወለላትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ይጠራል። ይጠራል። አይነሳም። አከራይዋ እንግዲህ አላስቻላቸውም፤ ደረታቸውን እየመቱ «ያ ዋቃዮ! ኢንተላ ኮ!» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ፣ በኦሮምኛ አምላኬ፣ ልጄን ማለታቸው ነው። እኔ ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባትስ? እግዜር ያውቃል፣ በዚህ ሁሉ መሃል እናቷ የእውነት ሞተው ቢሆንስ?

እንደገና ተደወለ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ፣ የተቆጣ ድምፅ። የተነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ ስለሆነ ለእኛ አልገባንም። የገባን ልጅቷ የበሩ ደፍ ላይ ቀስ ብላ መንሸራተቷ፣ መቀመጧ፣ ፊቷ እንባ እንደሞላ ሳቅ መጀመሯ ነው።

«ምን አሉሽ?» አልናት ሁላችንም ባንድ አፍ።

«‹ስንት ቀን ስልክሽን ዘግተሽ ከርመሽ በዚህ ማለዳ ትደውያለሽ? ማን ሞተ?› ትለኛለች።»

መጀመሪያ የሳቀችው ትልቋ ሲስተር ናት። ከዚያ ማን ያቁመን። ሽማግሌው ብቻ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና «እኔ እኮ ላሜን ሳላልብ ነው የመጣሁት» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ሰው በዚህ ሰዓት ነጠላ ተከናንቦ ሰው ቤት ይመጣል?» አከራይዋ እኔ ላይ ዞሩብኝ። «አንቺ ትልቅ ሴት አይደለሽም? ሙዝ ይዘሽ፣ ከሰዓት በኋላ አትመጪም?»

«አጠፋሁ እናቴ።»

«አጠፋሁ! ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሼ! በሉ ተቀመጡ፤ ከተሰበሰባችሁ አይቀር ቁርስ ብሉ።»

ጨጨብሳ ተሠራ። ለለቅሶ የተጠራው ጎረቤት በሙሉ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ልጅቷን ጉንጯን እየሳመ ሄደ። እኛ ቀረን። ልጅቷ ፊቷን ታጥባ መጥታ ከእኔ ትይዩ ተቀመጠች። ሳህኗን አልነካችውም።

«ሜትሮን፣ ለምን እንደመጡ አውቃለሁ» አለች። «ግን አልችልም።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከመጽሐፎቼ የለቃቀምኩት። ተውኩት።

«ቅድም ስልኩ እየጠራ ሳይነሳ ሲቀር የሆንኩት፣» አለች፣ «ያቺ የሟች እናት እኮ እስካሁን እንደዚያ ናት። ለእኔ እማዬ አነሳችልኝ። ለእሷ የሚያነሳላት የለም። ያንን ነው በአንድ ቃል የነገርኳት። ሰው ፊቷን ሳያይ፣ የሚይዛት ሳይኖር።»

ከግቢው ማዶ የሽማግሌው ላም አገሳች። ያን ጊዜ ብራዘር፣ ያ ቀልደኛ፣ ሻዩን አስቀመጠና ቀልድ በሌለው ድምፅ እንዲህ አለ፤

«እኛ ዛሬ ሦስት ሆነን መጣን። የያዝነውም ደህና ወሬ ነበር። ያንኑ ማድረስ አቅቶን ግቢ ሙሉ ሰው አስለቀስን። አንቺ መርዶውን ብቻሽን ነው የያዝሽው። እንዴት ብሎ ነው የአንቺ ጥፋት የሚሆነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ጠዋት እንዳለቀሰችው አይደለም፣ ለረጅም ጊዜ፣ ያለ ድምፅ። ለዚያች ለሞተችው ልጅ ነበር። ፀጉሯን የጎነጎነችላት ልጅ ሞታ እኮ፣ ለካ እስካሁን አላለቀሰችላትም። አንድ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት ቤተሰቡን «ያጽናችሁ» እንላለን፤ ሳምንት ሙሉ ገላውን ያጠበችውን ነርስ ማን ያጽናሽ ይላታል? አከራይዋ ምንም ሳይጠይቁ መጥተው ራሷን ወደ ጉያቸው አስጠጉ።

ስንነሳ «ከእንግዲህ ማንም ነርስ ብቻዋን መርዶ አትናገርም» አልኳት። «ብትመጪም ባትመጪም እንደሱ ነው።» የምር ነበር። ያን ቃል የሰጠሁት እዚያ ግቢ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው፤ እንዴት እንደምፈጽመው ግን አላውቅም ነበር።

«እጸልይበታለሁ» አለች።

«ጸልዪ» አለች ትልቋ ሲስተር፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ግን ፈጠን ብለሽ ጸልዪ። ሰኞ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፉሽ ነው።»

ሰኞ ጠዋት እስከ ርክክብ ሰዓት ድረስ በመስኮት በኩል በሩን ስመለከት ቆየሁ። የፈረቃ ርክክብ ላይ ያደሩት ተረኞች አልጋ በአልጋ እየዞሩ ለገቢዎቹ ያስረክባሉ። መሃል ላይ ደርሰን የሰው ኃይል ኃላፊው ወረቀቱንና ማጣበቂያውን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየሁት። ወዲያው ከኋላዬ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤

«ጋወኔ የለም። ማን ወሰደው?»

ሁላችንም ዞርን። በር ጀርባ ያለው ምስማር ባዶ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ትልቋ ሲስተር። «ቅዳሜ ወስጄ አጠብኩት። አልደረቀም፤ የእኔን ልበሺ።» የትልቋ ጋወን ለልጅቷ ድንኳን ነው። እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ገባችበት። እኔ ኃላፊውን ለመያዝ ሮጥኩ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ሰኞ ጠዋት ብዬ አልነበር? መጣች፤ በቃ» አለኝ። ደንብ መውደዱ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ቃሌን መፈጸም ከበደኝ። መርዶ በሚነገርበት ጊዜ ሦስት ሰው እንዲሆን ጠየቅሁ፤ አንዱ የሚናገር፣ ሁለቱ አብረው የሚሆኑ። በስልክ እንዳይነገር። የዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል አስጠርገን ወንበር አስገባንባት። ነግረው የሚመለሱትም ነርሶች እዚያችው ገብተው ሻይ እስኪጠጡ ማንም እንዳይጠራቸው አልኩ። አንዱ ዶክተር «ሜትሮን፣ በዚህ የሰው እጥረት ሦስት ሰው ከሥራ ታነሺያለሽ?» አለኝ። «አይ ዶክተር፣ አራት ነው፤ ራስህን ረስተሃል» አልኩት። ሳቀ። መጀመሪያ ሰሞን እየሸሸ ነበር፤ አሁን ራሱ «ማን አብሮኝ ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። አንዳንድ ቀን ሁለት እንሆናለን፤ አንዳንድ ቀን ሻዩ ይቀራል።

ልጅቷ የሕመምተኛ ስልክ አላነሳም ብላ ነበር፤ እሺ አልናት። ሲጮህ ወጣ ትላለች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ አባት በልብ ሕመም ተኝተው ቆዩና በአንድ ዝናባማ ረፋድ አረፉ። ልጃቸው ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኮመዲኖው ላይ ስልካቸው ጮኸ። የእኛዋ ልጅ አልጋው አጠገብ ነበረች። እኔ እጄን ስዘረጋ ቀደመችኝ። ከማንሳቷ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ትጸልይ ይሆናል።

«አቤት እህቴ» አለች። «አዎ፣ ሲስተር ነኝ። … ዶክተሩ ሊያነጋግራችሁ ይፈልጋል። ብቻሽን ነሽ? … እንግዲያው ከወንድምሽ ጋር ኑ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀስ ብላችሁ። እኔ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

አልዋሸችም። አልነገረችምም። ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔና ወደ ብራዘር ዞረች፤ «ኑ» አለችን፣ እሷ ሜትሮን የሆነች ያህል። እኔ ውኃ ይዤ ተከተልኩ።

ሴትየዋ ከወንድሟ ጋር ከባጃጅ ስትወርድ ሦስታችንን በር ላይ ቆመን አየችን። ማንም ሳይናገር ገባት። ስትወድቅ ልጅቷ ቀድማ ደርሳ ነበር፤ ይዛት አብራት ወረደች፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ አብራት ተቀመጠች። ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ወንድሟን ብራዘር ደገፈው። ዶክተሩም ወጣ። እኔ ውኃውን ይዤ ቆሜ፣ ይቺን ልጅ አጥተናት ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም።

በኋላ በዚያች ጠባብ ክፍል ተቀመጥን። ትልቋ ሲስተር ሻይ አመጣችልን፣ ስኳሩን እንደ ልማዷ አብዝታ። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች። ወዲያው ተነሳ። የምናውቀው የተቆጣ ድምፅ ክፍሏን ሞላው።

«‹ማን ሞተ?› አሉ አይደል?» አለ ብራዘር።

ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ፈገግ እያለች። በአገሯ ቋንቋ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች፤ ከወዲያ ያለው ድምፅም ረገበ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ሥራ ላይ ነኝ አልኳት» አለች፣ ሻይዋንም አነሳች።